የቀጥቃጩ ልጅ ገንዳ

ቡሬ፤ ጥር 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

አባባ፣ እንዴት ከርመዋል? እማዬስ? ወገቧን ተሻላት?

ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ደህና ብቻ አይደለሁም። ንግሥት ማለት የቀረበት ዘመን ሆነብኝ እንጂ ንግሥት ነኝ ባልሁ። አንደኛ፣ በራስዎ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሶቪየት አገር ስማር የሚመጣልኝ ሁሉ በመምህር የሽዋስ እጅ የተጻፈ ነበር፤ ቃሉ የእርስዎ ሆኖ ድምፁ የሳቸው ይሆንብኝ ነበር። ይኸኛው ግን ፊደሉ ሁሉ እንደ እርስዎ ቁጡ ነው፤ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው። መሠረተ ትምህርት ይባረክ! ሁለተኛውን ደስታዬን ከታች እነግርዎታለሁ።

«ብረት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ያድጋል ይላሉ፤ እውነት ነው ወይስ የጅጋ ሰው እየቀለደብኝ ነው?» ላሉኝ፤ እውነት ነው አባባ።

የትራክተርን ማረሻ የሚያነሣውና የሚያወርደው ዘይት ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋዋል፤ ዘይቱ በተራው ማረሻውን ይሸከመዋል። ሃይድሮሊክ የሚሉት እሱን ነው። ያን ዘይት ወዲህና ወዲያ የሚያዝዘው ከአውራ ጣት የማይወፍር ዘንግ ነው፤ በልኩ በተበሳለት የብረት ቤቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይንሸራተታል። ታዲያ አቧራ በገባ ቁጥር ዘንጉ ይበላል። የተበላው የፀጉር ውፍረት ቢያክል ነው። ግን በዚያች ክፍተት ዘይቱ ሾልኮ ይመለሳል፣ ማረሻውም መሬት ላይ ተዘፍዝፎ ይቀራል። እዚህ በመንግሥት እርሻው ግቢ ሞተራቸው ምንም ያልሆነ ትራክተሮች በዚች በፀጉር ውፍረት ምክንያት ቆመው ሣር በቅሎባቸዋል። መለዋወጫ ከውጭ ይመጣል እየተባለ ክረምት ያልፋል፣ በጋ ይመጣል።

እኔ የማደርገው እንግዲህ ይኸን ነው። የተበላውን ዘንግ አጸዳለሁ፤ ብረት በሟሟበት የአሲድ ውሃ ገንዳ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ኤሌክትሪክ እለቅበታለሁ። ውሃው ውስጥ ያለው ብረት እየተነሣ ዘንጉን ያለብሰዋል። ብረቱ ብቻውን እንዳይደክም ደግሞ ኮረንደም የሚባል፣ ከሞረድ የሚጠነክር የድንጋይ ዱቄት እበትንበታለሁ፤ ብረቱ ሲለብስ ዱቄቱን አቅፎ ያስቀረዋል። ጭቃን ያለ ጭድ ቢመርጉት ይሰነጠቅ የለም? ይኸ ዱቄት ጭዱ ነው። ከዚያ ልኩ ድረስ አስተካክዬ ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ።

ሁለተኛው ደስታዬም ይኸው ነው፤ ትናንት የመጀመሪያው ዘንግ ወጣ። በመዶሻ መታሁት፤ አልተላጠም። እርስዎ ማረሻ ሲጨርሱ በጥፍርዎ ኳ አድርገው ጆሮዎን እንደሚሰጡት እኔም አደረግሁ። ሰው ያያል አላልሁም።

ግን ነገሩ ገና ነው። የወርክሾፑ ኃላፊ አቶ ሐብቴ የወሎ ሰው ናቸው፤ ቅን ናቸው፣ ከላያቸው ግን አለቃ አለባቸው። የታዘዘው እንዲህ ነው፦ በግንቦት ወር ሦስት ትራክተሮች በኔ ዘንግ ማረሻ አንሥተው የበቆሎውን ማሳ ካረሱ የሥራ ክፍሌ ይቆያል። ካልሆነ ገንዳው ይዘጋል፣ ትራክተሮቹ በቁርጥራጭ ብረት ይሄዳሉ፣ እኔም አዲስ አበባ ቢሮ ገብቼ ማኅተም ስመታ እኖራለሁ። ማኅተም ከምመታ ብረት ልምታ!

ስለ ሰዎቹ ለጠየቁኝ፣ ደህና ናቸው። የቡሬ አየር ከቋሪት ይሞቃል።

ልጅዎ ሲሳይነሽ


ገበዝ ማርያም፣ ቋሪት፤ የካቲት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ ሲሳይ፣ እንዴት ነሽልኝ? የእናትሽ ወገብ ተሽሎታል። አፏ ድሮም አልታመመም፤ ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብላ «ይኸን ጨምር፣ ያን አትርሳ» እያለች ታስቸግረኛለች።

ደብዳቤሽን ለየሽዋስ አላስነበብሁትም። ራሴ ነኝ ያነበብሁት። ከጧት እስከ ቀትር ፈጀብኝ፤ እሳቱ ጠፍቶ ወናፉ ቀዝቅዞ ቀረ። ስጨርስ እናትሽ ምን አለች መሰለሽ? «ታዲያ ልጂቱ የምትሠራው ያው ያንተን ሥራ አይደለም እንዴ!» ኧረ ምነው አልኋት። እኔ ባለቀ ማረሻ ላይ ሌላ ብረት ደርቤ፣ በእሳት አግዬ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ እቀጠቅጣለሁ፤ እሷ እሳት የለ፣ መዶሻ የለ፣ ውሃ ውስጥ ታለብሰዋለች። ኋላ ሳስበው ግን እናትሽ እውነት አላት። ያለቀ ብረት መመለስ የአያትሽም ሥራ ነበር። ደረቴ ሰፋ ልጄ፣ ጋቢዬ ጠበበኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ስለ ሰዎቹ ብጠይቅሽ ስለ አየሩ መለስሽልኝ። አባትሽን ልታታልዪ ነው? እኔ የጠየቅሁሽ አንድ ነገር ነው፤ የማን ልጅ እንደ ሆንሽ ያውቃሉ ወይ?

አዋጁን አውቃለሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በየስብሰባው «ቀጥቃጭ፣ ቡዳ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም የእጅ ጥበብ ባለሙያ ነው» ይላል። ጥሩ አድርጎ ይላል። ስብሰባው ሲበተን ጠላ ይቀዳል፤ ለሰው ሁሉ በዋንጫ፣ ለኔ ከቤቴ ይዤው በሄድሁት የቅል ሽክና። በቀደም ለወለተ ኢየሱስ ተዝካር ሽክናዬን ረስቼ ሄድሁ። ቀጂዋ ዋንጫውን እንደ ያዘች ቀረች፤ መስጠቱም አልሆነላት፣ መከልከሉም አልሆነላት። አሳዘነችኝ። ቤቴ ተመልሼ ሽክናዬን አመጣሁ። የአገሩ ማረሻ ሁሉ በኔ እጅ ያልፋል፤ የሚበሉት እንጀራ ከኔ ማረሻ የወጣ ነው፤ አፌ የነካውን ዋንጫ ግን ይሰብሩታል። እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺ እንድትለምጂው አልፈልግም። ስለዚህ አባቴ ገበሬ ነው በይ። አዋጁ መሬት ሰጥቶኛል፣ አርሳለሁ፤ ውሸት አይሆንብሽም።

ሌላ ልጠይቅሽ። እኛ ዘንድ ሁለት ብረት የሚጣበቀው ከመሃላቸው እድፍ ከሌለ ነው። እናንተ ዘንድስ? ውሃው ንጹሕ ነው? የሚጠብቀው ማነው?

እናትሽ «ለልጄ ሹሮ ልልክ ነው፣ ጻፈው» ትላለች። ይኸው ጻፍሁት።

አባትሽ እጅጉ


ቡሬ፤ መጋቢት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

አባባ፣ መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። ሹሮው ደርሶኛል፤ ጾሙን የሚያሻግረኝ እሱ ነው።

አባቴ ገበሬ ነው በይ ያሉኝን አላደረግሁም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ነገሩ ያለቀ ነበር፤ ቀድሞ ቢደርሰኝም አላደርገውም ነበር። ክንዱ የሚባል የትራክተር ነጂ አለ። የዚሁ የቡሬ አካባቢ ሰው ነው፤ ትራክተሩን በአገውኛ የሚያባብል፣ ነጂው ሁሉ የሚሰማው። ያን የመጀመሪያውን ዘንግ አገላብጦ አየና «ብረትን እንዲህ የምታውቂው የማን ልጅ ብትሆኚ ነው?» ብሎ ሊያሞግሰኝ ጠየቀኝ። «የቋሪቱ የቀጥቃጩ የእጅጉ ልጅ ነኝ» አልሁት። ሳቁ ከፊቱ ሲጠፋ አየሁት። ዘንጉን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። ስለ አየሩ የጻፍሁልዎ በዚያው ሰሞን ነው።

ከዚያ ወዲያ በሠራተኛው ክበብ ሻይ የምትቀዳው አስካለ ማርያም ለሁሉም በብርጭቆ ስትሰጥ ለኔ በዛገ ጣሳ መስጠት ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ማደሪያዬ ገብቼ አለቀስሁ፣ አልዋሽዎትም። በማግስቱ ጣሳውን ወሰድሁና ኒኬል የሚባል አብረቅራቂ ብረት በማለብስባት ትንሿ ገንዳ ከውጭ በኩል አለበስሁት። ወጣ እንጂ አባባ! ፊት ያሳያል! ይዤው ስገባ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቶ ሐብቴ «ለኔም እንዲህ ያለ አድርጊልኝ» አሉኝ። «እሺ፣ መጀመሪያ አስካለ የዛገ ጣሳ ትስጥዎትና» አልኋቸው። እሳቸው ሳቁ፤ አስካለ አልሳቀችም። አሁን ግን ጣሳዬን ከብርጭቆዎቹ ሁሉ ፊት ትደረድረዋለች።

ክፉውን ወሬ ወደ ታች የገፋሁት አውቄ ነው። ለሦስቱ ትራክተሮች የሚሆኑትን ዘንጎች ነከርሁ። ሲወጡ ያማሩ ነበሩ። በመዶሻ ስነካቸው ልባሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። አጽድቼ ደገምሁ፤ ያው ሆነ። ግራ ቢገባኝ የገንዳውን ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ቀዳሁት። ከሥሩ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት። ብረቱን ከኔ ዓይን ለማዳን የተቀመጠ ነው።

«ውሃው ንጹሕ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ይኸው መልሱ። እንዲህ ያለ የተክል ጭማቂና ዘይት ሲገባበት ልባሱ ይሰባበራል፣ አይጣበቅም።

ጨርቁን አውቀዋለሁ። ክንዱ አንገቱ ላይ የሚጠመጥመው ሻርፕ ቁራጭ ነው። ነገሩን ወደ ላይ ብናገር በዛሬ ዘመን ስሙ አሻጥር ነው፤ የአሻጥርን መጨረሻ እርስዎም ያውቁታል። ክንዱ ደግሞ ትንንሽ ልጆች አሉት። ዝም ብል ጥፋቱ በኔ ይሆናል፤ ክፍሌም ይዘጋል። ምን ላድርግ አባባ? ንድድ ብሎኛል፤ ደግሞም ያሳዝነኛል።

ውሃውን ለመለወጥ ኬሚካሉ የለኝም። ያለውን ግን ጥሩ ከሰል ያጠራዋል፤ እድፉን ይመጠዋል። የዚህ ገበያ ከሰል ግማሹ አፈር ነው። ያንን የወይራ ከሰልዎን ይላኩልኝ። በግንቦት ማሳው ላይ ሲፈተንም መጥተው ይዩልኝ፤ ከዚያ ከደረስሁ።

ልጅዎ ሲሳይነሽ


ገበዝ ማርያም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሳነበው ደሜ ፈላ። መዶሻዬን ይዤ ቡሬ ልወርድ ብድግ አልሁ። እናትሽ በሩ ላይ ቆመች። «ጨርሰህ አንብብ» አለችኝ። ነጭ ሽንኩርቱ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። እኔ ዘንድ ማረሻ ሊያስመታ የሚመጣው ሁሉ ጆሮው ላይ ጤና አዳም ሰክቶ ነው። እሳቱ ሲሞቅ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ዕድሜ ልኬን በጤና አዳም ሽታ ውስጥ ስቀጠቅጥ ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን ብረቴ ተላጥሁ አላለኝም። የናንተ ብረት ቀበጥ ነው!

ምን ላድርግ ላልሽው፣ ዝም አይነቅዝም። ያ ሰውዬ ክፉ አይመስለኝም፣ ፈሪ ነው። ቋጠሮውን የከተተው ብረቱን ሊያበላሽ አይደለም፤ ሊያድነው ነው። ለትራክተሩ የሚሳሳ ሰው ነው። ሰው አሳስሮ የሚገኝ ክብር ለእኛ ቤት አይሆንም። ግን ዝም በይ ስልሽ ዋጪው ማለቴ አይደለም። ለአለቃ አትንገሪ፤ ለእሱ ለራሱ ዓይኑን እያየሽ ንገሪው። ጥፋቱን ይወቀው፣ ሆድሽ ውስጥ ግን አይደር።

«የቀጥቃጩ የእጅጉ ልጅ ነኝ» ያልሽበትን መስመር እናትሽ ደጋግማ አስነበበችኝ። እኔ ውሸት መክሬሽ፣ አንቺ ስሜን በአደባባይ ጠራሽው። ለአንቺስ ኩራትሽ እራትሽ ነው፤ ከማን እንደ ወረስሽው ግን እናትሽና እኔ እየተጣላንበት ነው። የጣሳውን ነገር ደግሞ ለጎረቤታችን ለተስፋው ነግሬው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከሰሉን ልኬአለሁ። የጓሯችን ያ ደረቁ ወይራ ነው፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጥሁት። ራሴ አክስዬዋለሁ፤ ቀስ ብሎ፣ አየር ሳይገባው። በተስፋው በቅሎ ጅጋ ወርዶ ከዚያ በመኪና ይመጣልሻል። ቁራጩን ከቁራጩ አጋጪው። እንደ ብርጭቆ ካልጮኸ የኔ አይደለም፣ መንገድ ላይ ለውጠውታል፤ አትቀበዪ።

ግንቦት ና ትይኛለሽ። አልመጣም። የእርሻ ወቅት ነው፤ የሰው ማረሻ ሁሉ እኔ ደጅ ተደርድሯል። ደግሞስ ሽክናዬን ይዤ ከአለቆችሽ መሃል ልቆም ነው? አንቺ ታፍሪብኛለሽ አልልም፣ እኔ አፍራለሁ። በዚህ አትከራከሪኝ።

አባትሽ እጅጉ


ቡሬ፤ ሚያዝያ 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

አባባ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። እኔ ፋሲካን ከገንዳዬ ጋር አሳለፍሁት።

ከሰልዎን አጋጨሁት፤ ጮኸ። የእርስዎ ነው። ፈጨሁት፤ በተደፈነ የብረት ድስት እንደገና አጋልሁት፤ ውሃው ውስጥ በትኜ አማሰልሁና በአቡጀዲ አጠለልሁት። ከጥፍሬ እስከ ፀጉሬ ጠቆርሁ። መስታወት ባይ እርስዎን አየሁ። አሁን የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ማንም አይጠይቀኝም።

ክንዱን እንዳሉኝ አደረግሁት። ሰው በሌለበት ጠራሁትና ቋጠሮውን በእጁ ሰጠሁት። «ክንዱ፣ ይኸ ያንተ ነው። ውሃዬ አልወደደውም። ካስፈራሁህ በሩ ላይ ስቀለው፤ ገንዳዬ ውስጥ ግን ሁለተኛ እንዳይገባ» አልሁት። አንገቱን ደፋ።

«ልትነግሪያቸው ነው?»

«ልነግር ብፈልግ ቋጠሮውን ለአንተ እሰጥህ ነበር?»

ከዚያ ምን አደረገ መሰለዎ? በሩ ላይ አልሰቀለውም። ኪሱ ከተተውና ማማሰያውን ከእጄ ተቀብሎ ያማስል ጀመር። ሲጠቁር ዋለ። ሲጨርስ «ይኸን ከሰል ያከሰለ ሰው እጁ ይባረክ» አለ። የማን እንደ ሆነ አልነገርሁትም፤ እርስዎ ካልፈቀዱልኝ ብዬ። ኋላ ግን ጆንያው ላይ የተጻፈውን ስምዎን አንብቦታል መሰለኝ፤ ጆንያውን አጥፎ ወስዶታል።

አቶ ሐብቴ «ምን ሆኖ ነበር?» ሲሉኝ «እድፍ ገብቶበት ነበር፤ አባቴ መድኃኒቱን ላኩልኝ» አልኋቸው። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። ብልህ ሰው ናቸው።

ዘንጎቹን ነከርኋቸው። መታኋቸው። እንዳይላጡ እየጸለይሁ አልነበረም የመታሁት፤ አይላጡም ብዬ ነው የመታሁት፣ አልተላጡም። አሁን ክንዱና ጓደኞቹ እየገጠሟቸው ነው። ግን በወርክሾፕ ውስጥ ማለፍ ሌላ፣ ከከባድ ማረሻ ጋር ማሳ ላይ ውሎ ማለፍ ሌላ ነው። ገንዳዬ የሚዘጋው ወይም የሚቆየው እዚያ ነው።

አልመጣም ማለትዎን ሰምቻለሁ። እንዳዘዙኝ አልከራከርም። ግን ቅር ብሎኛል፤ ቅር ማለቴን ይወቁልኝ።

ልጅዎ ሲሳይነሽ


ቡሬ፤ ግንቦት 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

አባባ፣ አነሡ! ሦስቱም አነሡ!

ከዚህ ሌላ ምን ልጻፍ? የማሳውን ነገር በአካል ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። ገንዳዬ አይዘጋም። ማኅተም መቺነቱ ቀርቶልኛል። ጭራሽ ከሌላ እርሻ የተበላ ዘንግ በሣጥን ሊልኩልኝ ነው፤ አቶ ሐብቴ ሁለተኛ ገንዳ አስፈቅደውልኛል።

አቶ ሐብቴ በድምፅ ማጉያው ስሜን ሲጠሩ ከነአባቴ ነው የጠሩት። «ሲሳይነሽ እጅጉ!» ሲሉ አገር ሰማ። እኔ አለቆቹን ትቼ ሰዉን ማየት ጀመርሁ። አልመጣም እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን አልሰማኝም። ከዳር ከቆሙት ገበሬዎች መሃል አንዱ፣ ጋቢ የለበሰ፣ ጀርባው ቁርጥ የእርስዎ፣ ግራ ትከሻው እንደ እርስዎ ዘንበል ያለ፤ «አባባ!» ብዬ ልጮኽ ምንም አልቀረኝ። ኋላ ሳየው ከክንዱ ጋር በአንድ ዋንጫ እየተቀባበለ ይጠጣል። እርስዎ እንዳልሆኑ ያወቅሁት በዚያ ነው። ተመልሼ ከአለቆቹ ጋር ቆምሁ፤ ሲያጨበጭቡልኝ አለቀስሁ፤ የደስታ መሰላቸው።

እንኳን ደስ ያለዎ። መምጣት ነበረብዎ።

ልጅዎ ሲሳይነሽ


ገበዝ ማርያም፤ ሰኔ 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሰላምታውን ኋላ አደርሰዋለሁ። ያ ከክንዱ ጋር ሲጠጣ ያየሽው ሰው እኔ ነኝ።

አትቆጪ፣ አስጨርሺኝ። አልመጣም ስልሽ እውነቴን ነበር። ቅር ብሎኛል ያልሽበት ደብዳቤ ከደረሰ ወዲህ ግን እናትሽ ቤቱን አስጠላችኝ። «ማረሻው ይቆያል፤ ልጅህ ግን ሁለት ጊዜ አትፈተንም» አለችና ስንቄን ቋጠረችልኝ። ጅጋ ድረስ በእግሬ፣ ከጅጋ በመኪና። ፍኖተ ሰላም ላይ የተሳፈረ አንድ አስተማሪ «ወዴት ነው አባቴ?» ቢለኝ «ልጄ ትራክተር ልታስነሣ ነው» አልሁት። ሰካራም ሳልመስለው አልቀረሁም።

ማሳው ስደርስ አለቆች ከበውሻል። ሽክናዬ በከረጢቴ ነበረች። ልጠጋሽ አልቻልሁም፤ እውነት ለመናገር ደግሞ ሰው ሳያውቀኝ ስለ አንቺ የሚለውን ልስማ ብዬ ከገበሬዎቹ መሃል ገባሁ። «አይነሣም፣ ባለፈው ዓመትም ሞክረውት ነበር» የሚለው በዛ። ጥርሴን ነከስሁ። ኋላ ያ ሁሉ ማረሻ ከአፈሩ ብድግ ሲል፣ ሰዉ ማረሻውን ያያል፣ እኔ ግን የማየው ያችን ዘንግ ነበር። አትታይም፤ ብረቱ ሆድ ውስጥ ናት። እኔ ግን አየኋት። ወረደ፣ አረሰ፣ ደግሞ ተነሣ፤ ውሎውን ሁሉ እንዲያ ነበር። ስሜ በድምፅ ማጉያው ሲጠራ ጋቢዬን አስተካክዬ ቆምሁ። የእጅጉን ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምስጋና የጠራው ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክንዱ ከትራክተሩ ወርዶ ገበሬዎቹ ወዳመጡት ጠላ መጣ። አጠገቤ ነው የቆመው። «አባቴ፣ ከየት ነዎት?» አለኝ።

«ከቋሪት» አልሁት።

«ቋሪት! የኢንጂነሯን አባት ያውቋቸዋል?»

ገበሬ ነኝ ልለው እችል ነበር። አንቺ በዚህ ሰው ፊት ምን እንዳልሽ ትዝ አለኝና «እኔ ነኝ፤ ቀጥቃጩ» አልሁት።

ዋንጫው ሙሉ እንደ ሆነ በእጁ ነበር። እኔ ልማዴ ነውና ሽክናዬን ላወጣ እጄን ከከረጢቴ ከተትሁ። ክንዱ ክንዴን ያዘው። «ከሰሉን የላኩት እርስዎ ነዎት» አለ። ከዋንጫው ተጎነጨና ሰጠኝ። ጠጣሁ። ምን ዓይነት ጠላ እንደ ነበር አትጠይቂኝ፣ አላውቀውም። መለስሁለት። ቀጥሎ የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ወይ ይደፋዋል፣ ወይ ኋላ ይሰብረዋል ብዬ ዓይኔን ዞር አደረግሁ። ክንዱ የተረፈውን ጨልጦ ጠጣና ሳያለቀልቅ ለቀጂዋ ዘረጋላት። «ድገሚን፣ ለሁለታችንም» አላት። ልጄ፣ እዚያ ላይ እንባዬ መጣ። ኋላም ፊቴን ያላየሽው ለዚያ ነው፤ እንባዬን ላብስ ዞሬ ነው። ክንዱን ጠጋ ብዬም አሽትቼዋለሁ፤ ጤና አዳም አልሸተተኝም።

ሳልሳለምሽ ለምን ሄድሁ ትይኝ ይሆናል። ብታቅፊኝ በአለቆችሽ ፊት እንደ ሕፃን እንሰቀሰቅ ነበር። ዛሬ ዛሬ ቆጨኝ፣ ይቅር በዪኝ። ክረምቱ ሲያልፍ እናትሽን ይዤ እመጣለሁ፤ ገንዳሽን በዓይኗ ካላየች አላምንም ብላለች። ክንዱን ሰላም በይልኝ። ለእሱም አንድ ጆንያ ከሰል እልካለሁ፤ ለሚስቱ ይሆናታል።

ሽክናዬን እናትሽ የዶሮዎቹ ውሃ ማጠጫ አድርጋታለች። ዶሮዎቹ ወደዋታል።

ቋሪት ግን ያው ቋሪት ነው። ባለፈው ሰንበት ተስፋው ቤቱ ጠርቶን ባዶ እጄን ሄድሁ። ቀጂዋ ሰው ሁሉ ጋ ደርሳ እኔ ጋ ስትመጣ ዋንጫውን እንደ ያዘች ቆመች፤ ያችው የተዝካሩ ቀጂ ናት። እኔም ተቀመጥሁ። ቤቴ አልተመለስሁም። ሲቆይ ተስፋው ከመደቡ ተነሣና «ስጪው እንጂ!» አላት። ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ዋንጫውን ይስበሩት አይስበሩት አላጣራሁም። ከሰበሩት ሌላ ይግዙ።

አባትሽ
ቀጥቃጩ እጅጉ ሙጬ